በጋዜጣ የተጠቀለሉ ምላጮች

ክዳኑ እንደጋለ ለታላቅየዋ እጇ አልነገራትም። ጠዋት የምስሩን ድስት ከፍታ፣ ክዳኑን በቀኝ እጇ እንደያዘች፣ ለልጅቷ ምሳ ዕቃ ስንት ጭልፋ እንደሚበቃ በዓይኗ ትመጥናለች። ታናሽ እህቷ ከመጋረጃው ወዲያ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር የልጇን አንድ እግር ካልሲ ስትፈልግ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ጨርቅ መስሏት ብድግ አለች። ጨርቅ አልነበረም። የክዳኑ መያዣ ከወለቀ ዓመት አልፎታልና ጠርዙን ነበር የሚይዙት፤ የእህቷ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ከጋለው ጠርዝ ላይ ጥብቅ ብለው ተቀምጠዋል። እህቷ ደግሞ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጎረቤቶቹ ዛሬ ምን እያቃጠሉ ነው ብላ ጠየቀቻት።

ታናሽየዋ ክዳኑን ነጥቃ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ የእህቷን እጅ ይዛ ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ሁለቱ ጣቶች ላይ ነጭ መስመር ወጥቶ ወዲያው ማበጥ ጀመረ። ልጅቷ አንድ እግሯን ካልሲ አጥልቃ፣ አንዱን ባዶውን ትታ፣ ዝም ብላ ታያለች። «አያምም እኮ» አለች ታላቅየዋ እንደ መሳቅ ብላ። «እሳት የማይፈራ እጅ ስንቷ ሴት ትመኛለች።» ማንም አልሳቀም። ታናሽየዋ ከአሮጌ የትራስ ልብስ ላይ ንጹሕ ንጹሑን ቀዳ ጠቀለለችላት፤ ጠቅልላ ስትጨርስም ቀና ብላ ፊቷን አላየችም። የእህቷን ፊት ቀጥ ብላ ማየት ካቃታት ሁለት ወር ሆኗታል።

የታላቅየዋን ቀኝ እጅ ስለት የቆረጠው ሥራ ላይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ የቆዳ ቦርሳ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ታናሽየዋ ንብረት ክፍል፣ ታላቅየዋ ጽዳት። ያስቀጠረቻትም ታናሽየዋ ናት። አንድ ዓርብ ማለዳ፣ ሌላው ሠራተኛ ሳይገባ፣ ታላቅየዋ የቆዳ ብጥስጣሽ የሞላውን ማዳበሪያ አፉን ለማሰር ስትል ወደ ታች ተጫነችው። ዘወትር የምታደርገው ነው። ብጥስጣሹ መሀል ያረጁ የካተር ምላጮች ነበሩ። ካተር፣ ማለትም የቆዳ መቁረጫው ቢላዋ፣ እዚያ ቤት እንደ እስክሪብቶ ከእጅ የማይለይ ዕቃ ነው፤ ቆራጮቹ ምላጩ ሲደነዝዝ ያወጡትና አዲስ ይከቱበታል። ደነዘዘ የሚባለው ግን ለቆዳ ነው እንጂ ለሥጋ አይደለም። ሐኪሙ የተበጠሱትን ጅማቶች ሰፋ። ጣቶቹ አሁን ይታጠፋሉ፤ ስሜት ግን የላቸውም። ይመለስ እንደሆነ ሲጠይቁት ጊዜ ያሳየናል ብሎ ካርዱን ዘጋ። ፋብሪካው በበኩሉ ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ደመወዟን ያዘ። ማጣራቱም እንደ ጣቶቿ ነው፤ አለ ይባላል፣ አይሰማም።

ታናሽየዋ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ለማታ ቲማቲም ልትገዛ መንገድ ዳር ቆመች። ትናንት በአንድ ዋጋ አራት ይሰጥ የነበረው ዛሬ ሦስት ሆኗል። ሻጯ የመኪና ጭነት ነው የተወደደው አለች፤ ነገ ሁለት ይሆናል ማለቷ ይሁን ማዘኗ አይለይም። ሦስቱን ይዛ ፋብሪካው በር ስትደርስ ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቷት ለአንድ ሹፌር ሲያወራ ሰማችው። ሴትዮዋ ምላጮቹን ለአሮጌ ብረት ገዢ ልትሸጥ ስትጎረጉር ነው አሉ የቆረጣት፤ እጇን የከተተችው ራሷ ናት አሉ። ዞር ብሎ ሲያያት ክው አለ። እንዴት አደርሽ፣ ልጅሽ እንዴት አደረች፣ እህትሽስ እንዴት ናት እያለ ሰላምታውን አበዛላት። እሷም ለሁሉም ደህና ናቸው ብላ አለፈች። «አሉ» የሚለው ቃል ግን ተከትሏት ገባ። ዘበኛ ከራሱ አያወራም፤ አንድ ያለው ሰው አለ።

መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ ያልጠበቀችው ነገር አየች። ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከላይ ቀጭን ቀዳዳ አለው፣ ከጎኑ ቁልፍ፤ ፊቱ ላይ «ያገለገለ ምላጭ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ከሥራ ስትወጣ አልነበረም። ግድግዳው ሲበሳ የወረደው ብናኝ ከሥሩ ገና አልተጠረገም፤ የሚጠርገው ሰው ቤት ተቀምጧል። ከቆራጮቹ ሁሉ አንጋፋው ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉና ወደ ቆዳቸው ተመለሱ። እሷ ይህን ሣጥን ሦስት ጊዜ ጠይቃለች፤ ሁለቴ በቃል፣ አንዴ በጽሑፍ። ያኔ የተሰጣት መልስ መጣያው ከሚጣለው ምላጭ በላይ ዋጋ ያወጣል የሚል ነበር፤ ቢሮ ውስጥም ተስቆበታል።

ሠራተኞቹ እሷን ወይዘሮ ጥንቃቄ ይሏታል። ያረጀ ምላጭ ሳይመልስ አዲስ የሚወስድ የለም። ከእጅ ወደ እጅ አታቀብልም፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ተቀባዩ ከዚያ ያነሳል። ምላጭ በኪሱ ይዞ የመጣ ቆራጭ ካገኘች እስከ ቤቱ የሚከተለው ተግሣጽ ታሸክመዋለች። አዲሶቹን ከነማሸጊያቸው መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች፤ ያረጁትን በፕላስተር ጠቅልላ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች፤ ሲሞላም ክዳኑን ዙሪያውን አሽጋ፣ ምን እንዳለበት በላዩ ጽፋ ታስወጣለች። ቆርቆሮውን ያመጣችው ከቤቷ ነው፤ የልጇ ወተት የነበረበት ነው። እንደዚህ ያለች ሴት ናት።

እህቷ ከመቆረጧ በፊት በነበረው ሐሙስ ግን ቆርቆሮው ሞልቶ ነበር። ሌላ ዕቃ እንዲሰጧት ከሰኞ ጀምራ ጠይቃ፣ ጠብቂ ተብላለች። ወደ ዐሥር ሰዓት ላይ ከልጇ ትምህርት ቤት ተደወለ፤ ልጅቷ ታስመልሳለች፣ ትኩሳት አላት፣ ነይና ውሰጃት። ስልኩን ሳትዘጋ ሁለት ቆራጮች ያረጁ ምላጮቻቸውን አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩ። ፕላስተሩ የት እንደገባ አጣችው። ምላጮቹን በጋዜጣ ጠቀለለች። ጠረጴዛው ላይ ትታቸው እንዳትሄድ ሰው ይነካቸዋል ብላ ፈራች፤ መሳቢያው ውስጥ ከአዲሶቹ ጋር እንዳትቀላቅል ሕጓ አልፈቀደላትም። በሩ ጥግ የብጥስጣሹ ማዳበሪያ ነበር፤ ከላይ አስቀመጠቻቸው። ጠዋት ማዳበሪያውን የምታነሳው እህቴ ናት፣ ማታ ቤት እነግራታለሁ አለችና ሮጠች። ማታ ልጅቷ በላይ በላዩ ስታስመልስ፣ ታላቅየዋ ባልዲ ስትይዝ፣ እሷ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አመሹ። ትኩሳቱ ሲበርድ ሁለቱም በልጅቷ ግራና ቀኝ ጋደም አሉ። አልነገረቻትም። ረሳችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችውን የለቀመችው እህቷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ እህቷ ሆስፒታል ስለነበረች ጊዜው አይደለም አለች። ስትወጣ ደግሞ ቁስሉ ይሻላት አለች። ቁስሉ ሲሽር ጊዜው አለፈ። ሆድ ይፍጀው አለችና ያዘችው፤ ሆዷም እየፈጀው ሁለት ወር ተቀመጠ።

ቀዩን ሣጥን ባየችበት ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ሲያልፍ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። የማይቆጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ ስለ ልጇ ትምህርት ጠየቃት፣ መስኮቱን ነፋስ እንዳይመታት ገርበብ አደረገላት። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረበላት። ወረቀቱ ቀዩ ሣጥን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንደነበረ፣ ያረጁ ምላጮች ሁሉ እዚያ እንደሚቀመጡ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ያለፈቃድ ከፍታ ለመሸጥ ስታወጣ እንደተቆረጠች ይናገራል። ከታች «የንብረት ክፍል» ይልና ባዶ መስመር አለ። ከሰዓት በኋላ ከመንግሥት የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ነገራት። ወረቀቱ ተፈርሞ ቢጠብቀው ነገሩ ባጭሩ ያልቃል፤ የንብረት ክፍል ኃላፊነቱም ክፍት መሆኑን እግረ መንገዱን አነሳላት።

«እህትሽ እንደሆነች አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ ነው ለሌላ ሰው ሳልሰጥ አንቺን ያስቀደምኩት። ከንብረት ክፍል የወጣ ስለት መጀመሪያ ማንን እንደሚያስጠይቅ ለአንቺ አይነገርሽም።»

የሚያውቀው ነገር ይኑር፣ ወይስ እንዲሁ በግምት ይናገር፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። እስከ ምሳ ጊዜ ስጠኝ አለችው። እሱም ረጋ ብለሽ ምሳሽን ብዪ፣ ረጋ ብለሽ አስቢ ብሎ በሩን ከፈተላት።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሄደች። ሁለት ክፍል ነው፤ መሀሉ ላይ በር ስለሌለው መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ታላቅየዋ ምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ድንቹን በጉልበቷ መሀል አጣብቃ፣ በግራ እጇ ትልጣለች። ልጣጩ ወፍራም ወፍራም ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ከድንቹ እኩሌታው አብሮ ይሄዳል። ታናሽየዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና የወረቀቱን ነገር ነገረቻት፤ የተጻፈውን ሁሉ፣ ለመሸጥ የሚለውንም ሳትዘል። ታላቅየዋ እጇን አላቆመችም። እስክትጨርስ ሰማቻትና አንድ ቃል ተናገረች።

«ፈርሚ።»

ታላቅየዋ ቀጠለች። ሁለታችንም ቤት ከዋልን ልጅቷን ምን እናበላታለን አለች። እጄ እንደሆነ በወረቀት አይመለስም፤ ስሜ እንደሆነ ደግሞ ከዚህ ሰፈር አልፎ የሚያውቀው የለም። «እስከዛሬ ከአምስቱ ሌባ የምትባለው አንዷ ጣቴ ብቻ ነበረች» አለችና ወደታሰረው እጇ አየች። «እንግዲህ ሁላችንም እንባላለን።» ይህን ብላ ትንሽ ሳቀች። ታናሽየዋን የጎዳት ሳቁ ነው። ብትቆጣ፣ ብታለቅስ፣ ምናልባት ዛሬም ሳትናገር ትመለስ ነበር።

«እትዬ» አለች። «ምላጮቹን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው።»

ታላቅየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ማስቀመጥ ሥራሽ አይደል አለቻት። ታናሽየዋ ከጥሪው ጀምራ፣ ጋዜጣውን፣ ማዳበሪያውን፣ ማታ እነግራታለሁ ማለቷን፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። ስትናገር የልጣጩን ክምር ነበር የምታየው። ቢላዋው ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ከዚያ ከውጭ የሚያልፍ መኪና ድምፅ፣ የጎረቤት ሬድዮ፣ ቧንቧ ላይ የሚሞላ ጄሪካን። ታላቅየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ያን ማታ አብረን አልነበርንም?»

«ነበርን።»

«እኔ ባልዲ ይዤ።»

«አዎ።»

ታላቅየዋ ድንቹን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ የሰው ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ያስተማረቻት እህቷ ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምን እንደምትለብስ፣ ማንን እንደምታምን፣ የቱን ሥራ እንደምትይዝ የምትነግራት እሷ ነበረች። ታናሽየዋ አሁንም ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ፈርሚ ወይም አትፈርሚ እንድትላት። ታላቅየዋ ግን ልጣጩን በግራ እጇ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን ዘጋች። የምሳ ሰዓቱ ሲያልቅ ታናሽየዋ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትቀምስ ተነስታ ሄደች።

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አንዴ መሐረቡን ያወጣል። ምክትሉ መቁረጫ ክፍሉን ሲያስጎበኘው እሷም አብራ እንድትዞር ተደረገ። ቀዩ ሣጥን ጋ ሲደርሱ ምክትሉ ቀዳዳውን፣ ቁልፉን፣ ጽሑፉን አሳየው። ተቆጣጣሪው ሣጥኑን ነቅነቅ አደረገው፤ ውስጡ ምንም አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ ብናኙን በጣቱ ነካና አየው። ምክትሉ ወደ እሷ ዞሮ፣ የንብረት ክፍሏ ስለ አያያዙ በጽሑፍ አረጋግጣለች አለ። ወረቀቱ ሳይፈረም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሣጥኑን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት፣ ትናንት አልነበረም አለች። እህቷ ምንም ከፍታ እንዳልወሰደች፣ ምላጮቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ማዳበሪያው ውስጥ ያኖረቻቸው ራሷ እንደሆነች፣ የሚጣልበት ዕቃ ጠይቃ እንዳልተሰጣት ተናገረች። የጽሑፍ ጥያቄዋን ግልባጭ ከቦርሳዋ አወጣች፤ አብሮ የወጣውን ያልተፈረመውን ወረቀት ግን ለተቆጣጣሪው በእጁ አልሰጠችውም፤ እንደ ምላጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ እሱ ከዚያ አነሳው።

የቆራጮቹ እጅ ሁሉ ቆሟል። ተቆጣጣሪው መሐረቡን ወደ ኪሱ መልሶ፣ «ይኼ ቃል እርስዎንም እንደሚነካ ያውቃሉ?» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ይጻፉት።»

ጻፈው። ቀስ ብላ እንድትደግምለት ጠየቃት፤ ደገመችለት። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። ሲጨርስ ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንደሆነ፣ የእህቷ ደመወዝ እንዲለቀቅ እንደሚጽፍ፣ የቀረውን ሌሎች እንደሚወስኑ ነገራት። ምክትሉ እንደጠዋቱ ድምፁን ሳያነሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደሻል፣ ቁልፍ አስረክቢ አላት።

ቁልፉን ለጊዜው የተረከቡት ሽማግሌው ቆራጭ ናቸው። መሳቢያዎቹን እየከፈተች አሳየቻቸው። ጋሼ፣ ከሰው እጅ አይቀበሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልዎት አለቻቸው። ፕላስተሩን እዚህ ምስማር ላይ በገመድ አስሬዋለሁ፣ እንዳይጠፋ። ሳይጠቀለል አንድም ቢሆን አያሳድሩ። በዚህ ነገር ከማንም በላይ የሚያሾፉባት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እንደ ተማሪ ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ሐሙስ ያረጀ ምላጭ ካመጡት ሁለቱ አንዱ እኔ ነበርኩ አሏት። «ልጅሽ እንደታመመች ሰምቼ ነበር። ነገ አመጣዋለሁ ብዬ ይዤ መመለስ እችል ነበር።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላቸው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን ይዛ ተቀምጣለች። ታላቅየዋ ከመጋረጃው ወዲያ ናት፤ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል። ታናሽየዋ መጋረጃው ፊት ቆማ የሆነውን ተናገረች፤ እንዳልፈረመች፣ ደመወዟ እንደሚለቀቅላት፣ እሷ ራሷ እንደታገደች። ስለ ሌብነት የተባለው ነገር እንደጠፋ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ ከወዲያ ተጠራችና ገብታ ወጣች።

«እማዬ፣ አክስቴ ራት ይቀዘቅዛል በያት አለች።»

«እበላለሁ በያት።»

ልጅቷ ሄደች፣ መጣች። አክስቴ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ እቆያለሁ፣ ከዚያ የራሴን ክፍል እከራያለሁ በያት አለች አለች። ልጅቷ መልእክቱን እንደ ቤት ሥራ በቃሏ ይዛው ስለነበር ምን እንደተናገረች የገባት ከተናገረች በኋላ ነው፤ ፊቷ ተለወጠ። ታናሽየዋ እሺ በያት አለች። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሦስት እርምጃ እኮ ነው፣ ትሰማሻለች እኮ፣ ለምን ራሳችሁ አታወሩም አለች።

ታናሽየዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻትና በጆሮዋ፣ «እናቴ ይቅር በይኝ ብላለች በያት» አለቻት።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ሂጂና በያት ብቻ።»

ልጅቷ ገባች። በዚህኛው ጊዜ ቆየች። ታናሽየዋ ድምፅ ትሰማ እንደሆነ ብላ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለች፤ ለቅሶም ቁጣም አልተሰማትም። መጋረጃው ተገለጠና ልጅቷ ብቻዋን ወጣች።

«ምን አለች?»

«ሰምቻለሁ በያት አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ልጅቷ ማመላለሱ ደክሟት ኖሮ፣ ደግመው እንዳይልኳት መጋረጃው ሥር ቁጭ ብላ ደብተሯን ከፈተች።